በሦስቱ በሮች የወጡት ሞተረኞች

የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንድ የታሪክ ጽሑፍ ስጪን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረት ለመጻፍ ነበር። እሱን ግን ከእኔ በላይ የሚያውቁት ታላላቆቻችን ደጋግመው ጽፈውታል። ስለዚህ ከዚያው ታሪክ ጋር የሚያያዝ፣ ግን በእንዲህ ዓይነት መጽሔት ላይ ቦታ ሲሰጠው ያላየሁትን ነገር መረጥኩ፤ በገጠር ጤና ሥራ የተደረገውን የሞተር ሳይክል ጉዞ።

ነገሩን ከሱሉልታ ልጀምር። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስንመጣ ታስታውሳላችሁ፤ መንገድ ላይ አድረን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ጎሐ ጽዮንን፣ ፍቼን፣ ጫንጮን አልፈን የሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንደርስ ተኝቶ የነበረው ሁሉ ይነቃል፤ ጫማ ይታሰራል፣ ቦርሳ ይወርዳል። ከእንጦጦ ማዶ ከተማው አለ። ሱሉልታ ለእኛ «ደረስን» ማለት ነበረች።

አዲስ አበባ አምስት በር አላት ሲባል ሰምታችኋል። ሦስቱን ልውሰድ። በሱሉልታ የሚወጣው ወደ ጎጃምና ጎንደር ይሄዳል። በቡራዩ የሚወጣው አምቦን፣ ባኮን፣ ነቀምቴን አልፎ ወለጋ ይገባል። በሰበታ የሚወጣው ደግሞ ወሊሶን፣ ወልቂጤንና የጊቤን ሸለቆ አቋርጦ ጅማ ይደርሳል፤ ከዚያም ወዲያ ከፋና ኢሉባቦር አሉ። ከተሜው «ሰበታ ድረስ ሄድኩ» ሲል ሩቅ የሄደ ይመስለዋል። ክትባት ይዞ ለሚወጣ የጤና ሠራተኛ ግን እነዚህ ከተሞች መነሻ ናቸው፤ አስፋልቱ አልቆ፣ ፒስታው አልቆ፣ የእግር መንገድ እስኪቀር ድረስ ያለው ሁሉ ገና ከፊቱ ነው።

ትምህርት ቤታችን ራሱ የተወለደው ከዚህ የመድረስ ችግር ነው። በፈረንጆች 1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። ያን ሁሉ ሰው ጎንደር ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ በሽተኛ በሚጠብቅ ሐኪም ማዳን እንደማይቻል ታየ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሄልዝ ኦፊሰር፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ያሠለጠነው ለዚህ ነው፤ ሦስቱ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ሕዝቡ እንዲሄዱ። የሐኪም ሥልጠና በግቢያችን የተጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት አልፎ ነው። እኛ ሐኪሞቹ እንግዲህ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የገባን ነን ማለት ይቻላል።

ያኔ መጓጓዣው በቅሎ ነበር፤ ካልሆነም እግር። ትልቁ ምስክር የፈንጣጣ ዘመቻ ነው። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋቱ ሥራ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። የአገራችን ሳኒታሪያኖችና ክትባት ሰጪዎች ከአሜሪካና ከጃፓን በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በላንድሮቨር እስከሚቻለው ሄዱ፤ ከዚያ በበቅሎና በእግር፤ በኋላ ደግሞ ሄሊኮፕተር ተጨመረ። ይዘውት የሚዞሩት መሣሪያ ጫፏ ሁለት ጥርስ ያላት አንዲት መርፌ ነበረች። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር፣ በኤል ከሬ አውራጃ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በዓመቱ ገደማ በጎረቤት ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ፣ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሕመምተኛ ታየ። ፈንጣጣ የዓለምን ጉዞውን የጨረሰው በእኛ ቀንድ ነው፤ ያባረሩትም በአብዛኛው ስማቸው በመጽሐፍ ያልሰፈረ እግረኞች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ገና በበቅሎ በሚዞሩበት በ1966 ዓ.ም. ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ሳይክል ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ አቋርጦም ወደ ኬንያ ወጣ። የአብዮቱ ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ሰውዬው ከለንደን ተነሥቶ ዓለምን በአራት ዓመት ዞሮ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ፤ የጻፈው የጉዞ መጽሐፍም በሞተረኞች ዘንድ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዚያ በ1999 ዓ.ም. ተዋናዩ ዩአን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ ጫፍ ተነሥተው ኬፕታውን ድረስ ሲነዱ በአገራችን አለፉ፤ ጉዞው በቴሌቪዥን ታየ። ከሁሉም በላይ የሕክምና ተማሪ የሚያውቀው ደግሞ የቼ ጉቬራን ጉዞ ነው። በፈረንጆች 1952 የ23 ዓመት የሕክምና ተማሪ ሆኖ ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር በአሮጌ ኖርተን ሞተር ደቡብ አሜሪካን ሊዞር ወጣ። ሞተሩ ቺሊ ላይ ተሰባብሮ ቀረ፤ የቀረውን መንገድ በእግርና በለመኑት መኪና ሄዱ፤ ፔሩ ውስጥ ሳን ፓብሎ በተባለ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደርም ሰነበቱ። ዶርም ውስጥ ስለዚህ ጉዞ ያልተከራከረ ባች ያለ አይመስለኝም።

እኔም ከነዚያ ተከራካሪዎች አንዷ ነበርኩ። የሥጋ ደዌን ነገር ካነሣሁ፣ እኛም ዘንድ በሰበታው በር በኩል አለርት አለ። በ1958 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ሆኖ ዘነበወርቅ ላይ የተቋቋመ ነው። ከእሱ ወዲያ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና ወዲያ ሰበታ፤ ሰበታ ላይ ደግሞ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ መርሐ ዕውራን አለ። ፈንጣጣ፣ ኩፍኝና ትራኮማ ዓይን እንደሚያጠፉ በክፍል ውስጥ ሸምድጄዋለሁ። ይህ መንገድ ግን ከቼ ጉዞ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ አልታየኝም ነበር። የሞተር ጉዞ ሲባል የሚመጣብኝ ፀሐይ፣ አቧራና ነጻነት ነበር። ያን ሐሳቤን ያስለወጠኝ ያማሃ ኤጂ 100 ነው።

በገጠር ወረዳ የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ባለ 100 ሲሲ፣ ቱ ስትሮክ፣ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር የሚነድ፣ ጭሱ የሚሸት ሞተር ነው። መጀመሪያውኑ የተሠራው ለእርሻ ሥራ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፤ ጭቃ እንዳይበላው ሰንሰለቱ ተሸፍኗል። ውበት የለውም፤ ፍጥነትም የለውም። ግን የግብርናው ባለሙያም፣ የጤናው ሱፐርቫይዘርም የተሸከመው እሱ ነው። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው የክትባት ፕሮግራም ክትባቱን በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል አድርጎ እስከ መጨረሻው ጎጥ እንዲያደርስ ይጠበቅበታል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲመጣ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ በጥቂት ዓመታት ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። እነሱን የሚደግፍ፣ ክትባት የሚያቀብል፣ ሪፖርት የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ ያ ሰው ሞተረኛ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ገና አዲስ ምሩቅ ሆኜ በቡራዩው በር በሚወጣው መንገድ ከነቀምቴ ወዲያ ባለ አንድ ሆስፒታል ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን ከዴዴሳ ሸለቆ በኩል ከሚገኝ ቀበሌ «ልጆች ሽፍታ እያወጡ ነው» የሚል ወሬ መጣ። የወረዳው መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። የክትባቱ ሱፐርቫይዘር ከሃምሳ ዓመት ትንሽ ያነሱ ሰው ነበሩ፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። «ዶክተር፣ ከኋላ መቀመጥ ከቻልሽ እንሂድ» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ቼ ትዝ አለኝ።

ከፊት መጫኛው ላይ የክትባት ሣጥን፣ በውስጡ አራት የበረዶ ከረጢት። ከኋላ እኔ። በጀርባዬ ቫይታሚን ኤ፣ አንቲባዮቲክና የሕይወት አድን ጨው የያዘ ቦርሳ። ሔልሜት አንዳችንም አልነበረንም። እሳቸው በሻርፕ ራሳቸውን ጠመጠሙ፤ እኔም በነጠላ። አስፋልቱን ከለቀቅን በኋላ ያለው ጉዞ አምስት ሰዓት ፈጀ። ሁለት ቦታ ወንዝ ሞልቶ ሞተሩን ከገበሬዎች ጋር ተሸክመው አሻገሩት። አንድ ቦታ ሻማው ረጠበና ቆመ፤ ነቅለው በሸሚዛቸው ጫፍ አደረቁት። እኔ ስለ ወገቤ ሳማርር እሳቸው የሚያዩት ሣጥኑን ነበር። በቆሙ ቁጥር መጀመሪያ ሣጥኑን ወደ ጥላ ያዞሩታል። «በረዶው ከቀለጠ የተሸከምነው ውኃ ነው» አሉኝ።

ስንደርስ እናቶቹ ለእሳቸው «ዶክተር» እያሉ ተነሡላቸው፤ እኔን «ሲስተር» አሉኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልታርማቸው ስትል ጋሼ ሣቁና «ተያቸው» አሉ። እኔ ግን ቅር ብሎኝ ነበር፤ ያኔ ይኼ ትልቅ ነገር ይመስለኛል። ኩፍኝ ነበር። የኩፍኝ ክትባት ዱቄቱ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል፤ ስለዚህ አንድ ብልቃጥ ለመክፈት ልጆቹን ሰብስቦ መቁጠር ያስፈልጋል። ጋሼ ኦሮምኛውን እንደ እናታቸው ቋንቋ ይናገሩታል፤ የትኛው ቤት ስንት ልጅ እንዳለም ያውቃሉ። «የእገሌ ቤት ሦስተኛዋ ልጅ የታለች?» እያሉ ይጠይቃሉ። የታመሙትን እኔ አየሁ። ቫይታሚን ኤ ሰጠን፤ የሳምባ ምች የጀመራቸውን አከምን።

በሸለቆው ወዲያኛው አፋፍ አንድ ጎጥ ቀርቶ ነበር። ለሞተር አይሆንም፤ በእግር ሁለት ሰዓት ነው ተባለ። በማግሥቱ ሄድን። አራት አዲስ የሕፃን መቃብር አሳዩን። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የአንድ ዓይኗ ብሌን ነጥቷል። የሰበታው ትምህርት ቤት ያን ጊዜ ታወሰኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት የቫይታሚን ኤ እንክብል ብናደርስላት ኖሮ ምናልባት ዓይኗ ይተርፍ ነበር። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ደብተራቸውን አውጥተው የልጅቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የጎጡን ስም ጻፉ። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠርተው «ከእንግዲህ ክትባት ሲመጣ ከዚህ ነው የምትጀምሪው፤ ከመንገድ ዳር አይደለም» አሏት።

ከዚያ ወዲህ የጉዞ መጽሐፍ ሳነብ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይህ ሰው እዚያ ቦታ ተመልሶ ሄዷል? ቴድ ሳይመንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሰውዬው በ69 ዓመቱ እንደገና ያንኑ ጉዞ ጀምሯልና ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። ልዩነቱ ግን አለ። መንገደኛ አንድ ጊዜ ያልፋል፤ ያየውን ይጽፋል። ጋሼ ያንን መንገድ በየወሩ ይሄዱ ነበር። በየወሩ የሚሄዱበትን ነገር ደግሞ ሰው ጉዞ አይለውም፤ ሥራ ነው የሚለው። ለዚህም ይመስለኛል ማንም ያልጻፈው።

በቀጣዩ ክረምት ጋሼ ጭቃ ላይ ወደቁ። ሞተሩ በላያቸው ተገለበጠና የታፋ አጥንታቸው ተሰበረ። ወድቀው የተገኙት ከሰዓታት በኋላ ነው። ያለሁበት ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም አልነበረውም፤ እግራቸውን አስሬ ይዣቸው አዲስ አበባ ድረስ በአምቡላንስ ሄድኩ። አምቦን ስናልፍ ሥቃዩ ጠንቶባቸው ነበር፤ «ሣጥኑን ማን ወሰደው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ቡራዩ ስንደርስ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ከገፈርሳ ውኃ አጠገብ መሆኑን አስታውሳለሁ። እግራቸው ዳነ፤ ግን ከሌላው ሦስት ሴንቲ ሜትር አጠረ። ሞተር መንዳት ቀረ። የሚያሠራቸው መሥሪያ ቤት ሔልሜት እንዳልሰጣቸው ሁሉ ካሣም አልሰጣቸውም። ከዚያ በኋላ እኔ ስፔሻሊቲ ገባሁ፣ ከተማ ቀረሁ። በየስብሰባው «በገጠር ያገለገልኩበት ዘመን» እያልኩ ያንን ጉዞ እተርክ ነበር። በትረካዬ ውስጥ የሚነዳው ሰው ከዓመት ዓመት እያነሰ፣ እኔ እያደግሁ መሄዴን የተረዳሁት ይህን ጽሑፍ ስጀምር ነው።

ስለ ሔልሜት እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልበል። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶችን የገመገመ አንድ የታወቀ ሥራ እንደሚያሳየው ሔልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። እንዲህ የሚሠራ መድኃኒት ብናገኝ በማግሥቱ እናዝዘው ነበር። ጋሼ የወደቁት በእግራቸው ሆነና ተረፉ።

ዛሬ በሮቹ ተለውጠዋል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ናቸው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በማለዳ የሚሮጡት አትሌቶች ከሲሚንቶ ጫኝ መኪና ጋር መንገድ ይጋፋሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ወንጀልንና አደጋን ምክንያት አድርጋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎችን ከጎዳናዋ አግዳለች። ድሮ ከተማው አልቆ ጉዞ የሚጀመርባቸው ቦታዎች አሁን የብዙ ሞተር ጉዞ የሚያበቃባቸው ሆነዋል። ከገጠር የመጣ ሞተረኛ በሮቹ ጋ ወርዶ ታክሲ ይይዛል።

ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ ባለፈው ወር ቡራዩ ሄጄ ነበር። ጋሼ አሁን ከልጃቸው ጋር እዚያ ይኖራሉ። በምርኩዝ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ቡና እየተፈላ «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው» አልኳቸው።

«ስለ እኔ ምን ይጻፋል?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለመሆኑ ያ ከአፋፉ ወዲያ ያለው ጎጥ መንገድ ገባለት?»

«አላውቅም ጋሼ» አልኩ። አፈርኩ። ያንን ጎጥ ስንት ዓመት ስተርከው፣ አንድ ቀን ስልክ ደውዬ አልጠየቅሁም።

ከጓዳ ደብተራቸውን አስመጡ። የዝናብ ጠብታ ያደበዘዘው ባለ ካሬ ደብተር ነው። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ቤንዚን፣ ስንት ልጅ ተከተበ፣ ስንት ቀረ። የዚያች ልጅ ስም አሁንም አለ፤ ከአጠገቡ ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ቀለም «በሕይወት አለች፤ በአንዱ ዓይኗ ታያለች» ተብሎ ተጽፏል። ለመንገዱ ተመልሰው ሲሄዱ አይተዋት ነው። እኔ ያኔ ሆስፒታሉ ውስጥ ነበርኩ።

ውድ ጓደኞቼ፣ በዚህ የመገናኛ በዓል ላይ ሁለት ነገር እንድናደርግ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ሁላችሁም በአገልግሎት ዘመናችሁ ከፊታችሁ ተቀምጦ የነዳ፣ በቅሎ የሳበ፣ ወንዝ ያሻገራችሁ ሰው አለ። በሕይወት ካለ ፈልጉት፤ ደብተር ካለው ፎቶ አንሡት፤ ለሚቀጥለው መጽሔት የተወሰኑ ገጾችን ለእነዚህ ሰዎች እንተው። የጤና ታሪካችን ግማሹ ያለው በእንደዚህ ያሉ ደብተሮች ውስጥ ነው፤ ባለቤቶቻቸውም እያረጁ ነው። ሁለተኛ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያለን ተመራቂዎች እያንዳንዳችን የአንድ ሔልሜት ዋጋ ብናዋጣ ለስንት የወረዳ ሞተረኛ እንደሚዳረስ አስሉት። ማኅበሩ ይህንን ማስተባበር አያቅተውም።

እኔ በበኩሌ ከቡራዩ ስመለስ ወደ ወረዳው ደወልኩ። ሁለት ቀን ወስዶ መልስ መጣ። ጥርጊያ መንገድ ገብቷል፤ በበጋ ሞተር ይደርሳል፤ በክረምት ግን አሁንም በእግር ነው። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው።

«በክረምትስ ማን ይሄዳል?» አሉኝ።

ይህንንም ጠይቄ ነበር። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሣጥኑን በትከሻዋ ተሸክማ ትሄዳለች። ሥራዋን ስትጀምር ከዚያ ጎጥ ነው የምትጀምረው አሉኝ።